ምዕራፍ ሰባት፦ በብልቃጥ ስለሚዘገየውና በሥጋ ስለሚረጋው ደም

በአሜሪካ አያሌ ክፍላተ ሀገር ለጋብቻ የሚቀርቡ ሰዎች የቂጥኝ ምርመራ እንዲያደርጉ ሕግ ያስገድድ በነበረበት ዘመን፣ በሽታው ከቶ ሳይነካቸው ደማቸው ቂጥኝ እንዳለበት ሆኖ የሚታይ ሰዎች ይገኙ ነበር፤ ምክንያቱም ለምርመራው የሚያገለግለው ከበሬ ልብ የሚወጣ ካርዲዮሊፒን የተባለ ስብ ሲሆን፣ በእነርሱም ደም ውስጥ ያንኑ ስብ የሚይዝ፣ ነገር ግን ከቂጥኝ ያልመጣ ፀረ እንግዳ አካል ስለ ነበረ ነው። በዚህ ሳቢያ ስንት እጮኛ ተቀያይሞ ይሆን! እ.ኤ.አ. በ1983 ግን በለንደን ግራሃም ሂውዝና ባልደረቦቻቸው፣ እንዲህ ያለ ፀረ እንግዳ አካል ያለባቸው ሕሙማን ደማቸው በደም ሥር ውስጥ እየረጋ፣ ፅንስም እየጨነገፈባቸው እንደሚሠቃዩ ገልጠው፣ ዛሬ አንቲፎስፎሊፒድ ሲንድሮም የምንለውን ደዌ ለይተው አሳዩ።

የዚህ ደዌ ምርመራ ሦስት ነው። ሁለቱ፣ ማለት የካርዲዮሊፒኑና ቤታ ሁለት ግላይኮፕሮቲን የተባለው ፕሮቲን ምርመራ፣ የፀረ እንግዳ አካሉን መጠን በቀጥታ ስለሚለኩ ብዙ ሐተታ አያሻቸውም፤ ሉፐስ አንቲኮአጉላንት የሚባለው ሦስተኛው ግን ምስጢር ያለበት ነው። ደሙ ሲትሬት ባለበት፣ ሰማያዊ ክዳን በተገጠመለት ብልቃጥ፣ 9 እጅ ደም ለ1 እጅ ሲትሬት ሆኖ ይቀዳል፤ ፕሌትሌት የተባሉት ጥቃቅን ሕዋሳት የያዙት ስብ ውጤቱን እንዳይሸፍነው ሁለት ጊዜ በሴንትሪፉጅ ይዞርና ፕላዝማው ይለያል፤ ከዚያም የራስል እፉኝት መርዝ ከጥቂት ስብና ከካልሲየም ጋር ተጨምሮበት እስኪረጋ ድረስ ሰከንዱ ይቆጠራል። ፀረ እንግዳ አካሉ ያንን ጥቂት ስብ ስለሚሻማ መርጋቱ ይዘገያል፤ የጤነኛ ሰው ፕላዝማ እኩል ሲቀላቀልበትም አይስተካከልም፤ ስቡ ሲበዛለት ግን ቶሎ ይረጋል፤ ባለሙያው የሚሻው ምልክትም ይህ ነው። በብልቃጥ መርጋትን የሚያዘገየው ይኸው ነገር በሕያው ሥጋ ውስጥ የደም ሥሩን ግድግዳና ፕሌትሌቶችን እየቀሰቀሰ በእግር፣ በአንጎል፣ በእንግዴ ልጅም ደም ያረጋል።

አንድ ውጤት ብቻውን ፍርድ አይደለም፤ ተላላፊ በሽታ ለጊዜው ሊያስነሣው ስለሚችል ቢያንስ ከ12 ሳምንት በኋላ ይደገማል፤ ሕመም ያልታየበት ሰውም ፀረ እንግዳ አካሉ ስለ ተገኘበት ብቻ በሽተኛ አይባልም። ሄፓሪን ወይም ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው መድኃኒቱ ሰከንዱን ስለሚያዛባው ክንዱን ከመዘርጋቱ በፊት ለመርማሪው ይንገር፤ በገዛ ሥልጣኑ ግን መድኃኒቱን አያቋርጥ።