የመብራታችን ምንጭ

ማታ መብራት በበራ ጊዜ ልጆች «ይህ ብርሃን ከየት መጣ?» ብለው ይጠይቃሉ። እኛም ብዙ ጊዜ «ከሽቦው» ብለን ዝም እናሰኛቸዋለን። ይህ ግን ውኃ ከእንስራ ይፈልቃል እንደ ማለት ነው። የቤት አባትና የቤት እመቤት እውነተኛውን ምንጭ ለልጆቻቸው ሊያሳዩ ቢወዱ ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልጋቸውም፤ ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ ወደ አቃቂ ቃሊቲ ወርደው የአባ ሳሙኤልን ግድብ ይመልከቱ።

የኤሌክትሪክ መብራት በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፥ በ1890 ዓ.ም. ግድም ለቤተ መንግሥቱ ገባ። በ1904 ዓ.ም. ግድም ደግሞ ለትንንሽ ፋብሪካዎች ኀይል እንዲሰጥ በአቃቂ ወንዝ ላይ የውኃ ኀይል ማመንጫ ተሠራ። ስለዚህ ከተማው ከወንዙ ኀይል መበደር የጀመረው በዚህ ስፍራ ነው።

አሠራሩም እንዲህ ነው። ትልቁና ትንሹ አቃቂ ከከተማው በላይ ካሉት ተራሮች ወርደው በአባ ሳሙኤል ይገናኛሉ። መሐንዲሶች ውኃውን በግንብ አግደው ሐይቅ አደረጉት። ውኃው ከሐይቁ በቧንቧ ቍልቍል ሲወርድ የብረት መንኰራኵር ያዞራል፤ መንኰራኵሩም መግነጢሱን በመዳብ ሽቦ መካከል ሲያሽከረክር ኤሌክትሪክ ይወለዳል። የኀይሉም መጠን በውኃው ብዛትና በሚወርድበት ከፍታ ይለካል። የአባ ሳሙኤል ጣቢያ 6.6 ሜጋዋት እንዲሰጥ የተሠራ ነው። ከዚያ የወጣው ውኃ ወደ አዋሽ ገብቶ፥ በ1952 ዓ.ም. በተመረቀው በቆቃ ግድብ ሁለተኛ ይሠራል።

ዛሬ የከተማው ኀይል ከብዙ ግድቦች በአንድ መረብ ስለሚመጣ አባ ሳሙኤል የሚያዋጣው ጥቂት ነው። ትምህርቱ ግን ትልቅ ነው። ጣቢያው አርጅቶ ሐይቁም በደለል በመሞላቱ ለብዙ ዓመታት ሥራውን አቋርጦ ነበር፤ በኋላም በቻይና መንግሥት ርዳታ ታድሶ በ2009 ዓ.ም. ተመረቀ። ደለል ሐይቁን በሞላው መጠን ለበጋ የሚቀመጠው ውኃ ያንሳል፤ ውኃውም ሲያንስ መንኰራኵሩ ይቆማል።

ሐይቁን የሚሞላው ማን ነው? ጠላት አይደለም፤ እኛው ነን። ዛፉ የተቈረጠበት ተራራ አፈሩን ለጐርፍ ይሰጣል፤ ፋብሪካው እድፉን፥ ቤተሰቡም ጥራጊውን በወንዙ ይሰዳል። በዚህም እምቦጭ የተባለው አረም ሰብቶ የሐይቁን ፊት ይሸፍናል። በወንዙ ዳር በዚያው ውኃ የበቀለው ጎመንና ሰላጣ ደግሞ ተመልሶ ወደ ገበያችን ይመጣል። በቃሊቲ የፍሳሽ ማጣሪያ ተሠርቷል፤ ነገር ግን ማጣሪያ የሚያጠራው በቧንቧ የደረሰለትን እንጂ በጨለማ ወደ ቦይ የተደፋውን አይደለም።

ስለዚህ ቤት ማለት ግድግዳና ጣራ ብቻ አይደለም። በላይ ያለው ተራራና በታች ያለው ግድብ፥ በመካከል የሚወርደውም ወንዝ የቤታችን ክፍሎች ናቸው። እመቤት የማድ ቤቱ ጥራጊ ወደ ቦይ እንዳይደፋ ትከልክል፤ መሬት ያለው ሰው በተዳፋቱ ዛፍ ይትከል፤ ባለ ፋብሪካ እድፉን አጣርቶ ይልቀቅ፤ ሹምም ሕጉን ለድኻውና ለባለጸጋው አስተካክሎ ያስከብር። ልጁ እንደ ገና በጠየቀ ጊዜ አባት «ከወንዛችን ነው» ብሎ ሳያፍር ሊመልስለት የሚችለው ያን ጊዜ ነው።