ሐዲዱ ከተነሣ በኋላ

በካሊፎርኒያ ካለችው ከኤመሪቪል ከተማ ባሕሩን አቋርጦ ወደ ሳን ፍራንሲስኮ የሚሻገር ሰው «ኤፍ» የተባለውን አውቶቡስ ይይዛል። ፊደሉ ከባቡር መስመር የተወረሰ ነው። በቦራክስ ማዕድን የበለጸገው ፍራንሲስ ማሪዮን ስሚዝ የመሠረተው «ኪ ሲስተም» በ1903 እ.ኤ.አ. ሥራ ጀመረ፤ የኤሌክትሪክ ባቡሮቹ የሚጠገኑት እዚሁ ኤመሪቪል ነበር። መጀመሪያ ተሳፋሪው ባሕር ዳር ወርዶ በጀልባ ይሻገር ነበር። ከጥር 1939 ጀምሮ ግን ባቡሩ ባሕሩን በሚያሻግረው ድልድይ፣ በቤይ ብሪጅ፣ ታችኛው ፎቅ ላይ እየሮጠ መሀል ሳን ፍራንሲስኮ ያደርሰው ጀመር።

በ1946 ድርጅቱ በናሽናል ሲቲ ላይንስ እጅ ገባ። ከዚህ ኩባንያ ጀርባ ጀነራል ሞተርስ፣ ፋየርስቶንና የካሊፎርኒያ ስታንዳርድ ኦይል ነበሩ፤ በ1949ም ለናሽናል ሲቲ ላይንስ ድርጅቶች የሚሸጠውን የአውቶቡስና የነዳጅ ገበያ ለብቻቸው ለመያዝ በማሴር ጥፋተኛ ተባሉ። ይሁንና ለባቡሩ መቅረት ጥፋቱ የእነሱ ብቻ አልነበረም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሕዝቡ መኪና ገዛ፣ ተሳፋሪ ሳሳ፣ ድልድዩም ለመኪና ተፈለገ። ኤፕሪል 20 ቀን 1958 የመጨረሻው ባቡር ተሻገረ፤ ሐዲዱም ተነቅሎ ቦታው ተነጠፈ። ከ16 ዓመት በኋላ፣ በ1974፣ ያው ሕዝብ በባቡር እንዲሻገር ባርት የተባለው የአካባቢው የባቡር ድርጅት ከባሕሩ ሥር አዲስ መተላለፊያ ከፈተ።

ከባቡሮቹ አንዳንዶቹ ቦነስ አይረስ ተሽጠው ሄዱ፤ ጥቂቶቹን የባቡር ወዳጆች አትርፈው በሪዮ ቪስታ አቅራቢያ ባለው የዌስተርን ባቡር ሙዚየም ያቆዩአቸዋል። ምስጋና ይገባቸዋል። ሙዚየም ፉርጎን ማዳን ይችላል፤ ከከተማ ከተማ የሚዘልቀውን መንገድ ግን ማዳን የሚችለው መንግሥትና ሕዝብ ብቻ ነው። ኤመሪቪል ይህን ዘግይታም ቢሆን ተምራለች፤ የዕቃ ባቡር ይሄድበት የነበረውን መሬት ለሕንፃ ሳትቆራርስ የእግረኛና የብስክሌት መንገድ አድርጋዋለች።

እዚህ ላለን ኢትዮጵያውያን ነገሩ ሩቅ አይደለም። በ1917 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ የደረሰው የጅቡቲ ባቡር 784 ኪሎ ሜትር ይረዝም ነበር። አዲሱ መስመር በ2016 ሲመረቅ ጣቢያው ወደ ከተማው ዳር ወጣ፤ የቀድሞው ጣቢያ ለገሃር በግንባታ ዕቅድ መሀል ቀረ። ስለ ለገሃር ስንነጋገር ብዙ ጊዜ የምንሟገተው ስለ ጣቢያው ሕንፃ ነው። ሕንፃው ይጠበቅ። ከእሱ እኩል ግን በየከተማው መሀል የሚያልፈው የሐዲድ መሬት ሳይሸራረፍ በሕዝብ ስም ይመዝገብ፤ የድሬዳዋ የባቡር ጋራዥ ከነመሣሪያው ይቆይ፤ የአንጋፋዎቹ መካኒኮች ዕውቀትም በሕይወት ሳሉ ይጻፍ። ሐዲድ ቢያረጅ በሌላ ይተካል። አንዴ ቤት የተሠራበትን መስመር መልሶ ለማግኘት ግን ከተማ ማፍረስ ወይም ባሕር ሥር መግባት ግድ ይሆናል።