የተቦረቦረ ጥርስን መጠገን ለአፍ ጤናና ለፈገግታ ያለው ፋይዳ

በጎንደር ደጋማ ገጠር ድድን መነቀስ የቆየ የውበት ልማድ ነው፤ የጠቆረ ድድ የጥርስን ንጣት አጉልቶ ፈገግታን ያሳምራል ተብሎ ይታመናል። ይሁን እንጂ ንቅሳት የተቦረቦረን ጥርስ አይጠግንም።

ጥርስ የሚቦረቦረው በላዩ በተጣበቀው ቆሻሻ ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ስኳርን ወደ አሲድ ሲለውጡና አሲዱ የጥርሱን ጠንካራ ሽፋን፣ ማለትም ኢናሜልን፣ ሲያሟሟው ነው። ኢናሜል አንዴ ከተቦረቦረ እንደ አጥንት ራሱን አይተካም። በመሆኑም ቀዳዳው ትንሽ ሳለ የተበላሸው ክፍል ተጠርጎ የጥርሱን ቀለም በሚመስል ኮምፖዚት ይሞላል፤ ጉዳቱ እስከ ነርቩ ከዘለቀ ደግሞ የጥርስ ሥር ሕክምና ተደርጎ ጥርሱ በክራውን ይሸፈናል። ከተነቀለ ግን አጠገቡ ያሉት ጥርሶች ወደ ክፍተቱ ያዘነብላሉ፤ ማኘክም ያዳግታል። የጎደለው የፊት ጥርስ ሲሆን ባለቤቱ ሲስቅ አፉን በእጁ መሸፈን ይጀምራል።

እንደ መካነ ብርሃን ላሉ ከጎንደር ከተማ ለራቁ የደጋ ስፍራዎች ተስማሚ የሆነ ዘዴ አለ። ይህም በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አጋማሽ በታንዛኒያ የተጀመረው፣ መሰርሰሪያም ኤሌክትሪክም የማይሻው ሙሌት ነው። የበሰበሰው ክፍል በእጅ መሣሪያ ተፍቆ ይወጣና ቀዳዳው ፍሎራይድ በሚለቅ ግላስ አዮኖመር ይደፈናል። ዘዴው የሚሠራው ግን ቀዳዳው ነርቩ ጋ ሳይደርስ ነው፤ ስለዚህ ሕመም እስኪበረታ መጠበቅ ጥርሱን ያሳጣል።