የዋንዛው በር ለምን ሸበተ?

አንባቢ ሆይ፥ በሆሳዕና ወይም በዱራሜ ቤት ተከራይተው የሚኖሩ ከሆነ በሩን ጠጋ ብለው ይመልከቱት። ቡናማው ዋንዛ ፀሐይ በሚመታው በኩል አመድ መስሎ፥ ግርጌውም ከዝናብ ርጭት የተነሣ ጠቁሮ ያገኙት ይሆናል። ብዙ ሰው ይህን ሲያይ «አርጅቷል» ብሎ ወይ ቀለም ይለቀልቅበታል፥ ወይም በቆርቆሮ በር ይለውጠዋል። ሁለቱም ችኮላ ነው።

የሽበቱ ምክንያት እንዲህ ነው። የፀሐይ ጨረር የእንጨቱን ቃጫ አጣብቆ የያዘውን፥ ሊግኒን የሚባለውን ነገር ይሰባብረዋል፤ ዝናብ ደግሞ ያጥበዋል። ሆሳዕና 2,300 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ጨረሩ ይበረታል። ነገር ግን የሸበተው ስስ ቆዳው ብቻ ነው፤ ከሥሩ ያለው ሳንቃ ብዙውን ጊዜ ጤነኛ ነው። በሌላ ሳንቃ መለወጡም ቀላል አይደለም፤ በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ዋንዛን ከኮሶ፥ ከዝግባና ከጽድ ጋር ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጥ እስከ መከልከል ደርሶ ነበር። ያ ልጆች ዝልግልግ ፍሬውን እየለቀሙ የሚበሉት፥ ለቡናው ጥላ የሚሆነው ዛፍ መሆኑን አይርሱ።

የውጭ አገር እንጨት ነጋዴዎች ዋንዛን «የሱዳን ቲክ» ይሉታል። እውነተኛው ቲክ የእስያ ዛፍ ሲሆን በመርከብ ወለልነቱ የታወቀ ነው። መርከበኞች ይህን ወለል ሲያጥቡ ብሩሹን ከቃጫው አግድም ያስኬዱታል እንጂ በቃጫው መስመር አይፈትጉም፤ በመስመሩ ከተፈተገ ለስላሳው ክፍል ተፍቆ ይወጣና ቦይ ቦይ ይሆናል። ለእኛም በር ይኸው ዘዴ ይበጃል።

እንግዲህ በበጋ ወራት ለብ ያለ ውሃና ጥቂት ሳሙና ይዘው በለስላሳ ብሩሽ ይጠቡት። በረኪና አይጨምሩ፥ ቃጫውን ያደክመዋል። በዕቃ ማጠቢያ ሽቦም አይሹት፤ ተሰብሮ የሚቀረው ዝጎ ጥቁር ነጥብ ያወጣል። ሁለት ሦስት ቀን ደርቆ ሲያበቃ በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት፥ አሁን ግን በቃጫው መስመር፥ ያለስልሱት። የጥንቱ መልክ ብቅ ሲል ማየት ደስ ያሰኛል።

ከዚያ የተልባ ዘይት በስሱ ይቀቡትና ከሩብ ሰዓት በኋላ ያልተመጠጠውን ይጥረጉ። ቅቤ አይሆንም፤ አይደርቅም፥ ይከረፋል፥ አቧራም ይሰበስባል። የቀቡበትን ጨርቅ ግን ጠቅልለው ጥግ አይጣሉት! የተልባ ዘይት ሲደርቅ ሙቀት ስለሚያወጣ የተጠቀለለ ጨርቅ ክብሪት ሳይነካው ሊቀጣጠል ይችላል። ውሃ ውስጥ ይንከሩት፥ ወይም ደጅ ዘርግተው ያድርቁት።

ሳንቃ ውሃን ይበልጥ የሚጠጣው በተቆረጠው ጫፉ ነው። ስለዚህ አከራይዎን አስፈቅደው፥ ክረምት ሳይገባ በሩን ከማጠፊያው ያውርዱና ማንም የማያየውን የታችኛውን ጠርዝ ዘይት እስኪጠግብ ድረስ ደጋግመው ይቀቡት።