ሐኪሙ ፊት የሚታጠፍ ቁርጭምጭሚት

የአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤት፣ በተለምዶ ቪኤ የሚባለው፣ ለቁርጭምጭሚት ጉዳት የሚከፍለውን ካሳ በመቶኛ ያሰላል። ወታደሩ ዛሬ ሕመም እንዳለበት፣ በአገልግሎት ላይ ሳለ የደረሰበት ነገር እንደነበረና ሁለቱ እንደሚያያዙ ካስረዳ በኋላ የሚቀረው የመቶኛው ክርክር ነው። ጤነኛ ቁርጭምጭሚት እግርን ወደ ላይ 20፣ ወደ ታች 45 ዲግሪ ያንቀሳቅሳል። ከ2021 ወዲህ በሚሠራበት ሠንጠረዥ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) እንቅስቃሴው ወደ ላይ ከ15 ወይም ወደ ታች ከ30 ዲግሪ ካነሰ 10 በመቶ፣ ወደ ላይ ከ5 ወይም ወደ ታች ከ10 ካነሰ 20 በመቶ ይሰጣል። ከዚያ በላይ እስከ 40 በመቶ የሚደረሰው በአብዛኛው መገጣጠሚያው ጨርሶ ተቆልፎ ሲቀር ነው።

ሠንጠረዡን ያየ ሰው ጉዳዩ በማዕዘን መለኪያ ያለቀለት ይመስለዋል። ብዙ የሚገባቸው ሰዎች ይግባኝ ሳይሉ የሚቀሩት በዚሁ የተሳሳተ ግምት ነው። ወለምታ የተመላለሰበት፣ ጅማቱ የላላ ቁርጭምጭሚት በምርመራ አልጋ ላይ ተዘርግቶ ሲለካ ሙሉ ዲግሪውን ሊሰጥ ይችላል። ችግሩ የሚወጣው የሰውነት ክብደት ሲያርፍበት፣ ደረጃ ሲወረድ፣ ወጣ ገባ መሬት ሲረገጥ፣ ቀኑን ሙሉ ሲቆምበት ነው። ለጉልበት መላላት በሠንጠረዡ ራሱን የቻለ መደብ አለ፤ ለቁርጭምጭሚት መላላት ግን የለም፤ ስለዚህ የሚመዘነው ቅርብ ከሆነ ሌላ መደብ ጋር ተመሳስሎ ነው። ዲግሪውን ብቻ የሚያነብ ገምጋሚ እንግዲህ የዚህን መገጣጠሚያ ዋነኛ በሽታ ሳያየው ያልፋል። የቪኤ ደንብ ራሱ ግን እንዲህ እንዲነበብ አልፈቀደም። አንቀጽ 4.40 እና 4.45 ሕመም፣ ድካም፣ የጉልበት ማነስና የቅንጅት መጓደል እንዲቆጠሩ ያዛሉ፤ አንቀጽ 4.59 ደግሞ ሲንቀሳቀስ የሚያም መገጣጠሚያ ቢያንስ የመጨረሻውን ዝቅተኛ ካሳ እንዲያገኝ ይላል። የቀድሞ ወታደሮች ይግባኝ ፍርድ ቤት በ1995 ደሉካ በሚባለው ጉዳይ፣ ሕመሙ ሲያገረሽ የሚጠፋው እንቅስቃሴ በተቻለ መጠን በዲግሪ ተተምኖ እንዲጻፍ ወሰነ። በ2016 በኮሬያ ጉዳይ መገጣጠሚያው ሰውየው ራሱ ሲያንቀሳቅሰውም፣ ሐኪሙ ሲያንቀሳቅስለትም፣ ክብደት ሲሸከምም፣ ሳይሸከምም እንዲፈተሽ አለ። በ2017 በሻርፕ ጉዳይ ደግሞ መርማሪው «ሕመሙ ዛሬ ስላላገረሸ ግምት መስጠት አልችልም» ብሎ ማለፍ እንደማይችል፣ ምን ያህል ጊዜ እንደሚያገረሽ፣ ስንት ቀን እንደሚቆይና ምን እንደሚያስተው ታካሚውን ጠይቆ መገመት እንዳለበት አስረዳ። እነዚህ ሦስት ውሳኔዎች አንድ ላይ ሲታዩ የካሳው መለኪያ በቀጠሮው ዕለት የተነበበው ማዕዘን ብቻ ሳይሆን እግሩ በኑሮ ውስጥ የሚያጣው አቅም ጭምር እንደሆነ ግልጽ ነው። ይግባኙ የሚናቅ ተቋም አይደለም የምለውም ለዚህ ነው። የቪኤ የይግባኝ ቦርድ ከ1933 ጀምሮ ቢኖርም በ1988 ሕግ እስኪወጣ ድረስ ውሳኔውን በይግባኝ የሚያይ ፍርድ ቤት አልነበረም፤ ከላይ ያሉት ትርጓሜዎች ሁሉ የዚያ ሕግ ፍሬ ናቸው።

«ታዲያ ሰውየው ስለ ራሱ የሚናገረው ሁሉ ሊታመን ነው?» የሚል ጥያቄ ይነሳል፤ ተገቢ ጥያቄ ነው። ፍርድ ቤቱ በ2011 በሚቸል ጉዳይ ሕመም ብቻውን ከፍ ያለ መቶኛ እንደማያስገኝ፣ አቅምን መቀነስ እንዳለበት ተናግሯል። ቦርዱም የተናጋሪውን ተዓማኒነት ይመዝናል፤ ቃሉ ከሌላው ማስረጃ ጋር ካልገጠመ ሊጥለው ይችላል። የማይችለው በወቅቱ የሕክምና ወረቀት የለም በሚል ብቻ መጣል ነው፤ ይህም በ2006 በቡካናን ጉዳይ ተወስኗል። ወታደር በሥልጠና ላይ እግሩ ዞሮበት ጫማውን አጥብቆ መንገዱን መቀጠሉ የታወቀ ነው፤ መዝገቡ ባዶ መሆኑ ጉዳቱ አልነበረም ማለት አይደለም። ማስረጃው ለሁለቱም ወገን ተቀራራቢ ሆኖ ሲገኝ ደግሞ ጥርጣሬው ለወታደሩ እንዲያደላ ሕጉ ያዛል።

ይህ ሁሉ ጥበቃ ግን ዝም ለሚል ሰው አይደርስም። በአሜሪካ ጦር ያገለገሉ የእኛ ልጆች በተለይ ይህን ልብ ይበሉ፦ ሐኪም «እንዴት ነህ?» ሲል «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» ማለት ለሰላምታ ያምራል፤ በምርመራ ክፍል ውስጥ ግን ተጽፎ በኋላ በራስ ላይ የሚጠቀስ ቃል ነው። የከፋውን ቀን በግልጽ መናገር ማጋነን አይደለም። ሁለተኛው ጥፋት መንገዱን ሳይለዩ መግባት ነው። ከ2019 ወዲህ የቪኤን ውሳኔ ለሚቃወም ሰው ሦስት መንገዶች አሉ፦ አዲስና አግባብ ያለው ማስረጃ ይዞ ተጨማሪ ማመልከቻ ማቅረብ፣ በከፍተኛ ገምጋሚ እንዲታይ መጠየቅ፣ ወይም ወደ ቦርዱ መሄድ። ከፍተኛው ገምጋሚ አዲስ ማስረጃ አይቀበልም፤ የሚጠቅመው ስሕተቱ በመዝገቡ ላይ ለሚታይ ሰው፣ ለምሳሌ መርማሪው ስለ ማገርሸቱ ጭራሽ ሳይጠይቅ ላለፈው ነው። የጎረቤት ወይም የትዳር ጓደኛ የምስክርነት ደብዳቤ ይዞ እዚያ መሄድ ከንቱ ድካም ነው። ውሳኔው ከወጣ በኋላ ያለውን የአንድ ዓመት ቀነ ገደብ ማሳለፍ ደግሞ ካሳው የሚቆጠርበትን የመጀመሪያ ቀን ሊያሳጣ ይችላል።

«ለ10 ወይም ለ20 በመቶ ይህ ሁሉ ውጣ ውረድ ምን ይሠራል?» የሚሉም አሉ። በ2025 ተመን 10 በመቶ በወር 175 ዶላር ከ51 ሳንቲም፣ 20 በመቶ ደግሞ 346 ዶላር ከ95 ሳንቲም ነበር፤ ያውም ከፌዴራል ገቢ ግብር ነፃ ሆኖ በየወሩ የሚከፈል። ከገንዘቡ የሚበልጠው ግን የሚከፍተው በር ነው። አንካሳ አረማመድ ከጊዜ በኋላ ጉልበትን፣ ዳሌንና ወገብን ሊጎዳ ይችላል፤ ደንቡም በአገልግሎት ከመጣ ጉዳት የተነሳውን ወይም በእሱ የባሰውን ሕመም ለብቻው ይክሳል። ቁርጭምጭሚቱ ዜሮ በመቶ ብቻ ቢሰጠው እንኳ ከአገልግሎት የመጣ መሆኑ ከታመነ፣ ሐኪም ምክንያቱን አብራርቶ እስከጻፈ ድረስ የጉልበቱ ካሳ በእሱ በኩል ሊጠየቅ ይችላል።