ልጅዎ ካርድ ሲቀበል ከጀርባ ማን አለ?

ልጅዎ በሚማርበት ትምህርት ቤት ስንት ሰው በስም ያውቃሉ? የክፍል ኃላፊውን፣ ርእሰ መምህሩን፣ ምናልባትም በር ላይ ያሉትን ጥበቃ። የሪከርድ ክፍል ሠራተኞችንስ? ብዙዎቻችን የምናስታውሳቸው መሸኛ ወይም ትራንስክሪፕት ያስፈለገን ዕለት ነው።

ጎጃም የቅኔ አገር ነው። በዋሸራና በጎንጅ ጉባኤ ቤቶች ተማሪው «አስመሰከረ» የሚባለው መምህሩ ሲመሰክሩለት ነው። ዘመናዊው ትምህርት ቤት ግን ምስክርነቱን ለወረቀት ሰጥቷል። ደብረ ማርቆስ ላይ በአንጋፋው ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትም ሆነ በሌላ ትምህርት ቤት፣ መምህሩ ቢዛወር ወይም ጡረታ ቢወጣ የልጁ ውጤት የሚገኘው በማኅደር ነው።

መምህራን እንዴት ያዩታል?

መምህራን ስለ ቢሮ ሠራተኞች ሲያወሩ ቅሬታና ውለታ ይቀላቀልባቸዋል። ጠመኔ ለማውጣት መጠየቂያ ሞልቶ ማስፈረም፣ የፈተና ወረቀት ለማባዛት ወረፋ መጠበቅ፣ ጠዋት ጠዋት የፊርማ መዝገብ፤ እነዚህ ያሰለቻሉ። ሴሚስተሩ ሲያልቅ ግን ነገሩ ይለወጣል። መምህሩ ማርክ ሊስቱን ለክፍል ኃላፊው ያስረክባል፣ የክፍል ኃላፊው ሮስተር ላይ ደምሮ ደረጃ ያወጣል፣ ሮስተሩም ሪከርድ ክፍል ይገባል። 60 ተማሪ 10 ትምህርት ቢማር 600 ውጤት ማለት ነው፤ ያውም የአንድ ክፍል ብቻ። 85 የነበረው 58 ተብሎ ቢገለበጥ የልጁ የወራት ልፋት በአንድ መስመር ይጠፋል። ስሕተቱን ቀድሞ የሚይዝ ጠንቃቃ ሠራተኛ ያለበት ትምህርት ቤት መምህር ዕድለኛ ነው።

አንድ ፊደል፣ አንድ ወረቀት

የ12ኛ ክፍል ፈተና ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ ይሰጣል። ወደዚያ የሚያደርሰው ግን በትምህርት ቤቱ የሚከናወነው ምዝገባ ነው። «ፀሐይ» የሚለው ስም በእንግሊዝኛ ሲጻፍ በ«ቲ» ይጀመር ወይስ በ«ኤስ»? አንዱ ሰነድ ላይ በአንዱ፣ ሌላው ላይ በሌላው ከተጻፈ ጣጣው ለዓመታት ይከተላል።

ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ ደግሞ በአማራ ክልል ባለው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፣ ቤተሰቦችም ከቀያቸው ተፈናቅለዋል። ከገጠር ወረዳ ወደ ከተማ የመጣ ልጅ መሸኛ ከሌለው፣ ስንተኛ ክፍል እንደደረሰ ማን ይመሰክርለታል? ማኅደሩን በጥንቃቄ ይዞ ያቆየ ሰው የዚያን ልጅ ዓመታት አትርፎለታል።

እርስዎስ ምን ያድርጉ?

• በምዝገባ ጊዜ የልጅዎን ስም ከልደት ምስክር ወረቀቱ ጋር በአማርኛም በእንግሊዝኛም ፊደል በፊደል ያመሳክሩ።

• የየዓመቱን ካርድ ፎቶ አንስተው ያስቀምጡ፤ ዋናው ቢጠፋ መነሻ ይሆናል።

• ትምህርት ቤት የሚያዛውሩ ከሆነ መሸኛውን በሐምሌ ይጠይቁ። ጳጉሜን ላይ ሁሉም ይሰለፋል።

• በወላጅ መምህር ኅብረት ስብሰባ ስለ መማሪያ ክፍልና ስለ መጻሕፍት ሲነሳ፣ ስለ ሪከርድ ክፍሉም ይጠይቁ፦ መደርደሪያው ከዝናብና ከአይጥ የተጠበቀ ነው? መዝገቡስ ቅጂ አለው?

በሚቀጥለው የካርድ ቀን መምህሩን አመስግነው ሲወጡ፣ የዚያችንም ቢሮ በር ያንኳኩ። ስማቸውን ይጠይቁ። የልጅዎን ስም ለዓመታት ሲጽፉ የኖሩት እነሱ ናቸው።