ባጃጅ የት ይቁም?

አርባ ምንጭ ውስጥ ከሲቀላ ወደ ሴቻ የሚወጣ ሰው ፌርማታ ፍለጋ አይደክምም። ባለበት ቆሞ እጁን ያነሳል፣ ባጃጁ ጥግ ይይዛል። ሦስት ሰው ካልሞላ ሾፌሩ ዓይኑን ከመንገዱ ዳር ሳይነቅል ቀስ እያለ ይነዳል። ከገበያ ዘንቢል ተሸክማ ለምትመለስ እናት ይህ ልማድ ትልቅ እፎይታ ነው። ሕጉ ግን ባልተፈቀደ ቦታ ተሳፋሪ መጫንንም ማውረድንም በጥፋት ይመዘግባል።

አርባ ምንጭ በአንድ ስም የምትጠራ ሁለት ከተማ ናት። ገበያውና መናኸሪያው ያሉባት ሲቀላ ሜዳው ላይ፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የበዙባት ሴቻ ደግሞ ከፍታው ላይ ተቀምጠዋል። በመካከላቸው ያለው ዳገት በፀሐይ በእግር የሚደፈር ስላልሆነ፣ የከተማው ኑሮ ከባጃጅ ጋር ተጣብቋል። ዳገቱ ላይ ድንገት የሚቆም ባጃጅ ግን ከኋላው ለሚመጣ ከባድ መኪና ፍሬን የመያዣ ጊዜ አይሰጠውም። ስለዚህ ተሳፋሪው የትም ይሳፈር የሚል ክርክር አላነሳም።

የምከራከረው ስለ ደንቡ ሌላኛው ግማሽ ነው። መቆም የሚከለከልበትን ቦታ የሚናገር አካል፣ የሚፈቀድበትንም አብሮ ማሳየት አለበት። ምልክት ሳይተከል፣ ቀለም ሳይቀባ የሚቆረጥ ቅጣት ሾፌሩን ትራፊክ ፖሊስ መኖር አለመኖሩን እንዲጠብቅ እንጂ ቦታውን እንዲመርጥ አያስተምረውም።

አዲስ አበባ ታክሲና ባጃጅን ሥርዓት የማስያዙን ጉዳይ ደጋግማ ነክታዋለች። በ2003 ዓ.ም. ሚኒባሶች በቀጠና ተመድበው ታፔላ እንዲሰቅሉ ተደረገ፤ መስመሩ ተለየ። በዚያው ዓመት የወጣው የትራፊክ ደንብ ቁጥር 208 በጥፋት ነጥብ መንጃ ፈቃድ እስከ ማገድ ይሄድ ነበርና፣ ሊተገበር ሲል የካቲት 21 ቀን 2008 ዓ.ም. ታክሲዎች ሥራ አቆሙ። ሕዝቡ በእግሩ ሄደ፤ አፈጻጸሙም ለሦስት ወር ተራዘመ። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ ከተማዋ ባጃጆችን ለጊዜው አገደች። እገዳ ፈጣን መፍትሔ ይመስላል፤ ዳገት ላላት አርባ ምንጭ ግን የሚሞከር አይደለም።

የአርባ ምንጭ አካባቢ ጋሞዎች ዱቡሻ በሚባለው የመሰብሰቢያ ቦታቸው ተቀምጠው የመምከር ልማድ አላቸው። መስከረም 2011 ዓ.ም. ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር ይዘው በቁጣ በወጡ ወጣቶች ፊት ተንበርክከው ጥፋት አስቀርተዋል። ይህን የሚችል ሕዝብ ባለበት ከተማ ሾፌሩ፣ ተራ አስከባሪው፣ ትራፊክ ፖሊሱና የገበያ ሴቶች አብረው መንገዱን በእግር ቢዞሩ፣ ፌርማታው የት መሆን እንዳለበት በአንድ ቀን ይታወቃል። እኔ ከገበያው መውጫ፣ ከዳገቱ ሥርና ከአናቱ፣ ከዩኒቨርሲቲው በር እጀምር ነበር። ከአስፋልቱ ገባ ያለ፣ ሁለት ሦስት ባጃጅ የሚያቆም ቦታ ይበቃል። የአርባ ምንጭን የቀትር ፀሐይ ያየ ደግሞ ዛፍ መትከሉን አይረሳም፤ ጥላ የሌለው ፌርማታ ላይ የሚቆም ተሳፋሪ አይገኝም።